ዋጋው ሲወጣ ፖሊሲው የት ቀረ?

የዛሬውን ዋጋ ጠዋት ለጥፌዋለሁ፣ ወደ ላይ ወጣ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። አሁን የማወራው ስለ ኢንሹራንስ ነው። አውቃለሁ፣ ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ልትወጡ ነው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የዋጋ ጉዳይ ነው።

የተጀመረው እዚሁ ሰፈሬ ቤቴል ነው። ከቤቴል ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው በኩል አነስ ያለ መጋዘን ያላቸው አንድ ላኪ አሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል። በጅማ መስመር የሚገባ ቡና አዘጋጅተው ወደ ጅዳና ወደ አውሮፓ ይልካሉ። አምና ክረምት ላይ፣ ሌሊት፣ በኤሌክትሪክ ምክንያት መጋዘኑ ውስጥ እሳት ተነሳ። ዘበኛው ቶሎ ስላየና ጎረቤት ስለደረሰ ሁሉም አልነደደም። የተቃጠለውና በውሃ የተበላሸው ተደምሮ 250 ኬሻ ሆነ። ኬሻው 60 ኪሎ ነው፣ 15 ቶን ማለት ነው። ኪሎውን በ600 ብር አስሉት (ስሌቱ እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ)፤ 9 ሚሊዮን ብር።

ጠዋት ስደርስ ጋሼ እንዲያውም ከእኔ በላይ ተረጋግተው ነበር። «ግዴለም ልጄ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አሉኝ።

ከወራት በኋላ እጃቸው የገባው 2.7 ሚሊዮን ብር ነው።

«ዘረፉኝ!» አሉ። እኔም እውነት ለመናገር አብሬ ተናደድኩ፤ እዚህ ቻናል ላይ ልለፍፍም ተነስቼ ነበር። ከዚያ ግን «ጋሼ፣ እስቲ ፖሊሲውን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከካዝና አወጡት። ፕላስቲኩ እንኳን አልተከፈተም። ሁለታችንም ቁጭ ብለን አነበብነው፤ ማንም አልዘረፋቸውም። የተከፈላቸው ልክ በውሉ መሠረት ነው። ችግሩ ውሉ የሚናገረው ስለ ሌላ ዘመን ዋጋ መሆኑ ነው።

ፖሊሲው ላይ የተጻፈው የሽፋን መጠን 20 ሚሊዮን ብር ነው። «ይህን ቁጥር ማን አወጣው?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ፤ ባንኩ አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ» አሉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ታገኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ። አብዛኛው ላኪ ኢንሹራንስ የሚገባው ባንክ ብድር ሲሰጥ ስለሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የብድሩን መጠን ይከተላል እንጂ የዕቃውን ዋጋ አይከተልም። የጋሼ ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. ሲገባ 80 ቶን ቡና ኪሎውን በ250 ብር አስልተው 20 ሚሊዮን አሉ፤ ያኔ ትክክል ነበር። ከዚያ በየዓመቱ አረቦኑ ተከፈለ፣ ማህተም ተመታ፣ ታደሰ። ቁጥሩን ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጋሼም አልነኩትም።

በመሃል ምን ሆነ? እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም ጉዞውን ቀጠለ። በላዩ ላይ ደግሞ የኒውዮርክ አረቢካ በብራዚል ድርቅ ምክንያት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከ1977 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በየካቲት 2025 ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በዶላር ወጣ፣ ዶላሩ ራሱ በብር ወጣ። ሁለት ጊዜ ተባዛ ማለት ነው። እኔ እዚህ ቻናል ላይ በየቀኑ «ዋጋው ወጣ፣ ዋጋው ወጣ» እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። አንድም ቀን «ዋጋው በወጣ ቁጥር የመድን ሽፋናችሁ እየሳሳ ነው» ብዬ አልጻፍኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ጽሑፉም ዕዳ መክፈያ ነው በሉት።

እሳቱ በተነሳበት ሌሊት በጋሼ መጋዘን 80 ቶን ሳይሆን 100 ቶን ነበር፤ መርከብ ስለዘገየ ኮንቴይነር አልወጣም ነበር። 100 ቶን በ600 ብር 60 ሚሊዮን ነው። ሽፋኑ 20 ሚሊዮን። ሲሶ!

አሁን «አቬሬጅ» የሚባለው አንቀጽ ይመጣል። ፖሊሲያችሁ ውስጥ አለ፤ ከሌለ ይገርመኛል። የሚለው ይህን ነው፤ ጉዳት በደረሰበት ሰዓት የንብረቱ እውነተኛ ዋጋ ከሽፋኑ በላይ ከሆነ፣ ለልዩነቱ ባለንብረቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ጉዳቱንም በድርሻው ይካፈላል። በሲሶ አራሽ ቋንቋ ሲነገር ግልጽ ይሆናል፤ ለኢንሹራንሱ ያካፈልከው የአደጋውን ሲሶ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከሚደርስብህ ጉዳትም ሲሶውን ብቻ ይሰጥሃል። የ9 ሚሊዮን ሲሶ 3 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ላይ በውሉ 10 በመቶ ኤክሰስ ነበረ፣ ማለትም ባለንብረቱ በራሱ የሚችለው። 300 ሺህ ተቀነሰ። 2.7 ሚሊዮን። ገንዘቡም ቢሆን በቀጥታ ጋሼ ኪስ አልገባም፤ ፖሊሲው ላይ ተቀዳሚ ተከፋይ ተብሎ የተጻፈው ባንኩ ስለሆነ መጀመሪያ ያለፈው በባንኩ በኩል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት መሰላችሁ? «20 ሚሊዮን ሽፋን አለኝ፣ የጠፋብኝ 9 ሚሊዮን ነው፣ ከሽፋኔ በታች ስለሆነ ሙሉውን ያገኛል» ብሎ ያስባል። አይደለም። ለከፊል ጉዳትም አቬሬጅ ይሠራል። ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ኖሮ እንዲያውም 20 ሚሊዮኑን (ኤክሰሱ ተቀንሶ) ያገኙ ነበር፤ 40 ሚሊዮኑን ግን ይከስሩ ነበር።

ሌላም ነገር አገኘን። መጋዘኑ ስለሞላ ጋሼ የተወሰነ ኬሻ ጎረቤት በተከራዩት ቤት አስቀምጠው ነበር። እሳቱ እዚያ አልደረሰም፣ ተመስገን ነው። ቢደርስ ግን አንድ ሳንቲም አይከፈላቸውም ነበር፤ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው አድራሻ አንድ ብቻ ነው። የዩኒየን ሰዎች፣ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል። ዕቃችሁ በመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን፣ በማጠቢያ ጣቢያ፣ በመንገድ፣ በአዲስ አበባ ተበትኖ ነው ያለው። እያንዳንዱ ቦታ ፖሊሲው ላይ በስም አለ ወይ? አንድ ዓመት የተከራያችሁት ጊዜያዊ መጋዘንስ?

በእሳት ፖሊሲ ላይ ሌላ ቡና ነክ ጉዳይ አለ። መደበኛው የእሳት ፖሊሲ ዕቃው በራሱ ብላት ወይም ሙቀት ምክንያት የሚደርስበትን ጉዳት አይሸፍንም። በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ተከምሮ ሲግል፣ ያ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አያውቀውም። ጎርፍና ማዕበልም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ተጠይቆ የሚጨመር ነው።

ታዲያ መፍትሔው? ለሸቀጥ ክምችት «ዲክላሬሽን ፖሊሲ» የሚባል አለ። በዓመቱ ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ክምችት ትገምታላችሁ፣ ጣሪያው እሱ ይሆናል፤ ከዚያ በየወሩ ያለውን መጠንና ዋጋ ታሳውቃላችሁ፣ አረቦኑ በዓመቱ መጨረሻ በእውነተኛው ክምችት ይስተካከላል። ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ሲገባ ይሞላል፣ ክረምት ላይ ይጎድላል፤ ለእኛ ሥራ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ችግሩ ማሳወቅ ይጠይቃል። ወር ሲያልፍ ሳያሳውቁ መርሳት፣ ወይም አረቦን ለመቀነስ አሳንሶ ማሳወቅ፣ ተመልሶ እዚያው አቬሬጅ ውስጥ ይከታል። ይህን አልችልም የምትሉ ቢያንስ ዋጋው 10 በመቶ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ለወኪላችሁ በደብዳቤ «ሽፋኑን ከፍ አድርግልኝ» በሉ፤ ማረጋገጫ ወረቀቱንም ተቀበሉ። ስልክ ደውሎ መንገር ማስረጃ አይሆንም።

አረቦኑ ይጨምራል፣ አዎ። ጋሼም ይህን ነው መጀመሪያ የጠየቁኝ። ግን ያጡትን 6.3 ሚሊዮን አስቡት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድሮ አደጋ ነው። እሳት አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ዋጋው ነው። አሁን ደግሞ ራሳቸው አዲስ ወደሆኑት ልለፍ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የትኛውን ኢንሹራንስ ይሸከመዋል፣ የትኛው በእናንተው ትከሻ ላይ ይቀራል?

መንገዱን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገሪቱ በነበረው ተቃውሞ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ሲቃጠሉ፣ ብዙ ባለሀብት የእሳት ፖሊሲው የሁከትን እሳት እንደማይመለከት ያኔ ነው የተረዳው። ከዚያ ወዲህ «የፖለቲካ ሁከትና ሽብር» የሚባል ሽፋን ለብቻው በአረቦን ይሸጣል። ከሁመራ ወይም ከመተማ ሰሊጥ የምታወጡ፣ ከወለጋ ቡና የምታስመጡ፣ ይህ ሽፋን በእጃችሁ መኖሩን እወቁ። አንድ ወጥመድ አለው። የባሕር ጭነት ፖሊሲ ስትገዙ «የጦርነት አንቀጽም ተጨምሮልሃል» ይባላል፤ ደስ ይላችኋል። ያ አንቀጽ ግን የሚሠራው ዕቃው መርከብ ላይ ሲሆን ነው። በየብስ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ባለው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ አይሠራም። ይህ የእኛ ኢንሹራንሶች ያወጡት አይደለም፤ የለንደን ገበያ የቆየ ደንብ ነው፣ በዓለም ሁሉ እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ጦርነት አለኝ» የሚል ነጋዴ ጭነቱ አፋር ላይ ቢቃጠል ፖሊሲው ባሕሩ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል።

ባሕሩስ? እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ የመርከብ የጦርነት አረቦን ከመርከቡ ዋጋ 0.1 በመቶ በታች ከነበረበት ተነስቶ 1 በመቶ ገደማ የደረሰበት ጊዜ ነበር። «ሩቢማር» የተባለችው መርከብ በየካቲት 2024 ተመታ በመጋቢት መጀመሪያ ስትሰምጥ ጭነቷ ማዳበሪያ ነበር። አብዛኞቻችሁ ኤፍኦቢ ጅቡቲ ነው የምትሸጡት፤ ስለዚህ የባሕሩ ኢንሹራንስ የገዢው ነው፣ «እኔን አይመለከተኝም» ትላላችሁ። ገዢው ግን ያንን አረቦን ከራሱ ኪስ የሚከፍል ይመስላችኋል? በዲፈረንሺያል ቀንሶ ነው የሚያቀርብላችሁ። ከዚያም በላይ መዘግየቱ አለ። ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፣ ኮንቴይነር ጠፋ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተከማቸ። የጋሼ 20 ትርፍ ቶን ከየት መጣ? ከዚያ ነው። የጭነት ኢንሹራንስ ደግሞ መዘግየት ያስከተለውን ኪሳራ በግልጽ ያገላል፤ መዘግየቱ የተፈጠረው ሽፋን ባለው አደጋ እንኳን ቢሆን።

እዚህ ላይ «በርበራስ?» የሚለኝ አለ፤ ባለፈውም ጠይቃችሁኛል። በርበራ ሁለተኛ በር መሆኑ ጥሩ ነው፣ ጅቡቲ ቢጨናነቅ ይጠቅማል። ግን ካርታውን እዩት፤ በርበራም ከባብ ኤል መንደብ በዚህኛው ወገን ነው። ወደ ጅዳም ሆነ በስዊዝ ወደ አውሮፓ ለመሄድ ያቺኑ ጠባብ በር ማለፍ ግድ ነው። ወደ ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ለሚሄድ ዕቃ ግን በሩ አያስፈልግም። የገዢ ስብጥር የሚባለው ነገር ለእኔ ትርጉም የሰጠኝ ያኔ ነው። ጃፓን ገዢ ያለው ላኪ በ2024 የተሻለ እንቅልፍ ተኝቷል።

የአውሮፓ ሕግ፣ ኢዩዲአር፣ ሌላው ነው። ብዙ ስለተወራበት አጭር አደርገዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትላልቆቹ ገዢዎች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ሰኔ 30 ቀን 2027 ላይ ደርሷል። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አውሮፓ አይገባም፤ የተመረተበት ማሳ መገኛም መቅረብ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ዙሪያው መለካት አለበት። የእኛ ገበሬ አብዛኛው ከነጥቡ ወገን ነው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከኢንሹራንስ አንጻር ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሰነድ ጎድሎት ሐምቡርግ ላይ የተመለሰ ኮንቴይነር መደበኛው የጭነት ፖሊሲ አይክሰውም። ዕቃው አልተቃጠለም፣ አልሰመጠም፤ ወረቀት ነው የጎደለው። መገኛው የማይታወቅ 10 ኬሻ ከሚታወቅ 310 ኬሻ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ኮንቴይነሩ በሙሉ ነው የሚበላሸው። እዚህ ላይ መድናችሁ የገበሬ ዝርዝራችሁ ነው። ዩኒየኖችና በቨርቲካል የምትሠሩ የተሻለ ቦታ ላይ ናችሁ፤ ከብዙ አቅራቢ የምትሰበስቡ ግን ከአሁኑ ከረጢቱን ለዩ።

ወደ አየሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ከገበሬዎቹ ወገን ሆኜ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም «የኢንዴክስ ኢንሹራንስ እንግባ ወይስ አንግባ» የሚል ጥያቄ ከሁለት ዩኒየኖች ደርሶኛል።

ሀሳቡ ይህ ነው። የአንድ ሚሊዮን ገበሬ ማሳ እየዞሩ ጉዳት መገመት አይቻልም፤ ገማቹ የሚበላው አበል ከአረቦኑ ይበልጣል። ስለዚህ ማሳው ቀርቶ ዝናቡ ይለካል። ዝናቡ፣ ወይም በሳተላይት የሚታየው የቅጠል ልምላሜ፣ ከተወሰነ መስመር በታች ከወረደ በዚያ አካባቢ የተመዘገበ ሁሉ ይከፈለዋል። ገማች የለም፣ ክርክር የለም።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ከዓለም ቀዳሚዎች አንዷ ናት፤ ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ከፈረንሳዩ አክሳ ሪ ውል ገዛ፤ አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር፣ ድርቅ ቢከሰት ከፍተኛው ክፍያ 7.1 ሚሊዮን ዶላር፣ መለኪያው በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚመዘገብ ዝናብ። ዝናቡ ጥሩ ሆነ፣ ክፍያ አልመጣም። «ገንዘቡ ባከነ» ያሉ ነበሩ። ኢንሹራንስን እንደ ዕቁብ የሚያይ ሰው ሁሌም እንዲህ ይላል፤ ዕቁብ ተራህ ሲደርስ ይመጣል፣ ኢንሹራንስ ተራ የለውም።

ቀጥሎ በ2009 በትግራይ አዲ ሓ በምትባል ቦታ በ200 አባወራዎች ጤፍ ላይ ተጀመረ። ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ስዊስ ሪ፣ ከሀገር ውስጥ ንያላ ኢንሹራንስ ነበሩበት። ድንቁ ነገር ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ እንዲከፍል መደረጉ ነው፤ እርከን ይሠራል፣ ውሃ ያቁራል፣ ያ ሥራ አረቦን ሆኖ ይቆጠርለታል። ሥራው ራሱ ድርቁን ይቀንሳል። «ዘላቂነት» የሚለውን ቃል በስብሰባ ላይ ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል፤ ይህ ግን ይገባኛል። በ2012 ከ12 ሺህ በላይ አባወራዎች በድምሩ ከ320 ሺህ ዶላር በላይ ተከፈላቸው። አካፍሉት፤ ለአንድ ቤት 27 ዶላር ገደማ ነው። ትንሽ ነው? ትንሽ ነው። ግን በሬ ሳይሸጥ ዘር ለመግዛት ይበቃል፤ የድሃ ገበሬ ኪሳራ የሚጀምረው ድርቁ ላይ ሳይሆን በሬው የተሸጠ ቀን ነው።

በዚያው በ2012 ቦረና ላይ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር የአርብቶ አደሩን ጀመረ፤ መለኪያው በሳተላይት የሚታየው ግጦሽ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ቦረና ምን እንደሆነ ሁላችንም አየን። የአንድ ወቅት ክፍያ ለአንድ ወቅት መኖ ይበቃል፤ ለአምስት አይበቃም።

የኢንዴክስ ደካማ ጎኑ ስም አለው፣ «ቤዚስ ሪስክ» ይሉታል። መለኪያውና ማሳህ ላይስማሙ ይችላሉ። ሳተላይቱ «ዘንቧል» ይላል፣ አንተ ግን ከጋራው በስተጀርባ ነህ፣ አልዘነበልህም። ምንም አይከፈልህም። ገበሬው አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በሚቀጥለው ዓመት አይገባም፤ እኔም ብሆን አልገባም። ለቡና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለጤፍ የተሠራ መለኪያ የክረምቱን ድምር ዝናብ ቢያይ ያስኬዳል። ቡናን ግን የሚወስነው በበጋው መጨረሻ፣ ከየካቲት ጀምሮ የሚመጣው አበባ የሚያስወጣ ዝናብ ነው። በልግ ዘግይቶ ወይም ተቆራርጦ መጥቶ አበባው ከረገፈ፣ ክረምቱ ጢም ብሎ ቢዘንብ ፍሬ አይመልስም። ስለዚህ ኢንሹራንስ ሻጭ ሲመጣባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «መለኪያው የትኛውን ወር ነው የሚያየው?» ይሁን። የዓመቱን ድምር አያለሁ ካለ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ሁለተኛው ሀሳቤ፣ ፖሊሲውን እያንዳንዱ ገበሬ ከሚገዛ ዩኒየኑ ይግዛ። ዩኒየኑ ለአባላት ቅድሚያ ገንዘብና ማዳበሪያ ያበድራል፤ ድርቅ ሲመጣ የማይመለሰው ያ ነው። በሰፊ ወረዳ ላይ ሲታይ የጋራው ወዲህና ወዲያ ይካካሳል፣ ቤዚስ ሪስኩ ይቀንሳል። ክፍያው ሲመጣ ማን ከፍቶበታል የሚለውን መሠረታዊ ማኅበሩ ከሳተላይት በተሻለ ያውቃል። እርግጥ ነው፣ ክፍፍሉ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። የኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ኢንሹራንስ የማይሸከመው አየር ግን አለ፤ ቀስ እያለ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር ፕላንትስ ላይ የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተሠራ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና የሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ ከፍ ያሉ ቦታዎች ደግሞ አዲስ ቡና አብቃይ ሊሆኑ ይችላሉ። ፖሊሲ የአንድ ዓመት ውል ነው፣ የቡና ዛፍ ግን የአሥርት ዓመታት ንብረት ነው። መድን ሰጪው በየዓመቱ አረቦኑን እየጨመረ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ደግሞ «ይህን ወረዳ አልሸፍንም» ይላል፤ መብቱ ነው። ጥላ ዛፍ፣ ጉንደላ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ መትከል፣ እነዚህ በገንዘብ አይካሱም፣ ይሠራሉ እንጂ።

ስለ መድን ሰጪዎቹም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ኩባንያ አለን፣ ግን አብዛኞቹ የሚሸጡት አንድ ነገር ነው፤ ከሕይወት ውጭ ካለው አረቦን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የመኪና ኢንሹራንስ ነው። እንደ እኛው ናቸው ማለት ነው። እኛ በአንድ ቡና፣ በአንድ ወደብ፣ በአንድ ባሕር እንኖራለን፣ እነሱ በመኪና። የእርሻና የክምችት ነገር ገና ልምዱ ስለሌላቸው ወይ ያስወድዳሉ ወይ በጥቅሉ ይጽፋሉ። ትልቅ አደጋ ሲሆን ደግሞ ከፊሉን ለጠለፋ መድን ያስተላልፋሉ፤ የሀገር ውስጡ ኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ከ2016 ጀምሮ አለ፣ የቀረው ወደ ውጭ በዶላር ይሄዳል። ስለዚህ ዶላር ሲወጣ አረቦናችሁም የሚወጣው በስስት ብቻ አይደለም። ዩኒየኖች ተሰብስባችሁ በጋራ ብትደራደሩ ግን የተሻለ ቃል ታገኛላችሁ፤ አንድ ላኪ ብቻውን ሄዶ «አቬሬጁን እስከ 85 በመቶ አላላልኝ» ቢል ይስቁበታል፣ አሥር ሆናችሁ ብትሉ ይሰሙ ይሆናል። ይህ ማለት የሽፋኑ መጠን ከእውነተኛው ዋጋ 85 በመቶ ከደረሰ አቬሬጅ አይተገበርም የሚል አንቀጽ ነው፤ በሌላ ሀገር የተለመደ ነው፣ ጠይቁት።

ጋሼ ዘንድሮ አዲስ ውል ፈረሙ። የዲክላሬሽን ነው፤ ሁለቱም መጋዘኖች በአድራሻ ተጽፈዋል፣ ጣሪያው 80 ሚሊዮን ነው። አረቦኑን ሲያዩ «ይህ እኮ የአንድ ሎንችና ኪራይ ነው» ብለው አጉረመረሙ። የወር ማሳወቂያውን የሚሞላላቸው አልነበረም፤ እኔ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን የእኔን የዋጋ ሰንጠረዥ ይዤ ሄጄ አብረን እንሞላለን፤ ቡናውን ግን ጋሼ ናቸው የሚያፈሉት። ያለፈው ወር ላይ ከፈረሱላ ወደ ኪሎ ስንመልስ ተሳስተን ደግመን ጻፍነው።

ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ ካነበባችሁ በኋላ ያልገባችሁ አንቀጽ ካለ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስምና የሂሳብ ቁጥር ሸፍናችሁ። የነገው የጅማና የነቀምቴ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለጠፋል።